ስለ ምግብ ሸቀጥ ፎቶግራፍ፤ ብርሃንን ስለ ማስተካከልና ምስልን ስለ ማጥራት

ሸቀጥ የሚመረመረው በዐይን፥ በእጅ፥ በአፍንጫና በምላስ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ገዥ ከመጋዘን ደጅ ቆሞ ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ ሲያይ፥ በርበሬውን ሲያሸት፥ ማሩን በጣቱ ጫፍ ሲቀምስ ሻጩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ዕቃው ራሱ ይናገርለታልና። ነገር ግን ገዥው በጅዳ ወይም በሐምቡርግ ተቀምጦ ሻጩ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር በሚሆንበት ጊዜ፥ አስቀድሞ የሚደርሰው ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ፎቶግራፍ ነው። ናሙናው እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ፎቶግራፉ ግን በደቂቃ ውስጥ ከባሕር ማዶ ይገኛል። እንግዲህ «ናሙና ላኩልኝ» የሚል መልስ መምጣቱም ሆነ ጭራሽ መልስ አለመምጣቱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚያው ፎቶግራፍ ነው።

ይህ ጉዳይ የላኪዎች ብቻ አይደለም። አስመጪው የታሸገ ምግብ ለቸርቻሪዎች ሲያስተዋውቅ፥ ባለሱቁ አዲስ የገባውን ዕቃ በቴሌግራም ለደንበኞቹ ሲያሳይ፥ ምግብ ቤቱም የምግብ ዝርዝሩን ሲያሳትም፥ ሁሉም በፎቶግራፍ አማካይነት ይነግዳሉ። ሆኖም ለሚዛኑ፥ ለጆንያውና ለማሸጊያው የሚደረገው ጥንቃቄ ለፎቶግራፉ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይታይም። የፎቶግራፍ ጉድለት በአብዛኛው የሚመነጨው ከሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የብርሃን አለመስተካከል፥ ሁለተኛው የምስል አለመጥራት ነው። ሁለቱም በብዙ ወጪ ሳይሆን በማስተዋል የሚታረሙ ስለ ሆኑ፥ ለንግዱ ማኅበረሰብ ይጠቅም ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እናብራራቸዋለን።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። ምግብን በፎቶግራፍ ማንሣትም እንደ ፎቶግራፍ ጥበብ ራሱ የቈየ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በየክፍሉ ባሳተመው «የተፈጥሮ እርሳስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ በቅርጫት የተደረደሩ ፍራፍሬዎችን ምስል አግብቶ ነበር። ለዚያ ሥራ ያገለገለው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐይነት መብራት ቢፈለሰፍም፥ በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ዛሬም ለምግብ ፎቶግራፍ እጅግ የተስማማና ዋጋ የማይጠየቅበት መብራት ነው።

ስለ ብርሃን ቀለም

ብርሃን ሁሉ ለዐይን ነጭ ይምሰል እንጂ የየራሱ ቀለም አለው። ባለሙያዎች ይህን ቀለም ኬልቪን በሚባል መለኪያ ይለኩታል። የድሮው ባለ ሽቦ አምፑል ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን፥ የቀትር ፀሓይ 5,500 ኬልቪን ያህል፥ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ የጥላ ብርሃን ደግሞ ከ7,000 ኬልቪን በላይ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ፥ ሲበዛም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሰው ዐይን ይህን ልዩነት ራሱ እያቃና ስለሚያይ ልዩነቱ አይታወቀውም፤ ካሜራ ግን ለማቃናት ቢሞክርም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ይህ ለምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀለም የሸቀጥ ዕድሜና ደረጃ ምስክር ነውና። ታጥቦ የተዘጋጀ ጥሬ ቡና አዲስ ሲሆን ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ አለው፤ እያረጀ ሲሄድ ግን ይገረጣል፥ ወደ ቢጫም ይለወጣል። እንግዲህ አዲሱን ቡና በቢጫ አምፑል ሥር ማንሣት ዕቃን በገዛ እጅ ማስረጀት ነው።

በምሠራበት የንግድ ቤት የደብዳቤው ሥራ በእኔ እጅ ስለ ሆነ ከገዥዎች የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ አነባለሁ። አንድ ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛ ማታ በአምፑል ያነሣው የታጠበ ቡና ፎቶግራፍ ወደ አንድ የውጭ አገር ገዥ ተልኮ ነበር። የገዥው መልስ በአንዲት ጥያቄ ብቻ ተጠናቀቀ፤ እርስዋም «ይህ ቡና የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» የምትል ነበረች። ቡናው የዘንድሮ ነበር። በማግሥቱ ያው ቡና ከመጋዘኑ በር አጠገብ በጧት ብርሃን እንደ ገና ተነሥቶ፥ ከጎኑም ነጭ ወረቀት ተደርጎለት ሲላክ ጥርጣሬው ተወገደ፤ ናሙናም ተጠየቀ። በጥያቄና መልሱ መካከል የባከነው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። የቡና ዋጋ በየዕለቱ በሚለዋወጥበት ገበያ ሦስት ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ላኪዎች ያውቁታል።

ሌላውም ሸቀጥ እንዲሁ ነው። ነጭ ጤፍ በቢጫ መብራት ሥር ሠርገኛ መስሎ ይታያል። በርበሬ በአንዳንድ የዱላ መብራት ሥር ደምቆ መታየቱ ቀርቶ ወደ ቡናማ ይጠቍራል። የሱቁ ጣራ ወይም መጋረጃ ሰማያዊ ሸራ ከሆነ፥ ሥጋውም ቅቤውም ሰማያዊ ጥላ ያርፍበታል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነም እንደዚሁ ነው።

መድኃኒቱ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፥ ሁለት ዐይነት ብርሃን አለመቀላቀል ያስፈልጋል። በቀን ብርሃን የሚነሣ ከሆነ የቤቱን አምፑል ሁሉ ማጥፋት ነው፤ የተቀላቀለ ብርሃን በኋላ በምንም ብልሃት ለማረም ያስቸግራልና። ሁለተኛ፥ በካሜራው ወይም በስልኩ ላይ ዋይት ባላንስ የሚባለውን የነጭ ማስተካከያ እንደ ብርሃኑ ዐይነት መምረጥ ይገባል። ሦስተኛ፥ ከሸቀጡ ጎን አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጦ ማንሣት ነው፤ ወረቀቱ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ የሸቀጡም ቀለም ወደ እውነቱ ቀርቧል ማለት ነው። በመብራት መሥራት ግድ ከሆነም ከ5,000 እስከ 5,500 ኬልቪን የሆነ የኤል ኢ ዲ አምፑል፥ ሲ አር አይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት ቍጥሩ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መግዛት ይሻላል። ሁለቱም ቍጥሮች በጥሩ አምፑሎች ካርቶን ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።

ስለ ብርሃን አቅጣጫ

እንጀራን የምናውቀው በዐይኑ ነው። ነገር ግን መብራቱ ከፊት ለፊት፥ ከካሜራው ራስ ላይ በሚመጣበት ጊዜ የእንጀራው ዐይን ሁሉ ይደፈናል፤ እንጀራው እንደ ጨርቅ ለጥ ብሎ ይታያል። ምክንያቱም ጉድጓድ ጉድጓድ መሆኑ የሚታወቀው በውስጡ በሚያድረው ትንሽ ጥላ ሲሆን፥ የፊት ለፊት ብርሃን ያን ጥላ ስለሚያጠፋው ነው። በካሜራም ሆነ በስልክ ላይ ያለው ፍላሽ የምግብ ፎቶግራፍ ጠላት የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ የወጡን ቅባት ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያበራዋል፤ ከኋላም ጥቁር ጥላ ይጥላል።

ስለዚህ ብርሃኑ ከጎን ወይም ከኋላ በኩል ገደድ ብሎ እንዲመጣ ማድረግ ይገባል። ሠንጠረዡን ከመስኮት አጠገብ አድርጎ፥ መስኮቱ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ሲሆን ማንሣት ለአብዛኛው ነገር በቂ ነው። የእንጀራው ዐይን፥ የድፎ ዳቦው ቅርፊት፥ የሽምብራውና የባቄላው ቅርጽ በዚህ ብርሃን ጎልቶ ይወጣል። በብርጭቆ ያለ ማርና ጠጅ ግን ብርሃኑ ከበስተኋላ እንዲያልፍበት ያስፈልጋል፤ ጥራቱና ወርቃማ መልኩ የሚታየው ብርሃን ሲያልፍበት ነውና። ከሲኒ የሚነሣው የቡና እንፋሎትም እንዲታይ ከተፈለገ፥ ከበስተጀርባው ጥቁር ነገር ተደርጎ ብርሃኑ ከኋላ በጎን መምጣት አለበት። በነጭ ግድግዳ ፊት እንፋሎት አይታይም።

በመርካቶም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ብዙ ሱቆች መስኮት የላቸውም፤ ነገር ግን በር አላቸው። የተከፈተ በር ከመስኮት የበለጠ ሰፊ መብራት ነው። ባለሱቁ ዕቃውን ከበሩ አንድ ክንድ ወይም ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ፥ የውስጡን መብራት አጥፍቶ፥ እርሱ ራሱ በሩን ሳይጋርድ በጎን ቆሞ ቢያነሣ፥ ከብዙ የስቱዲዮ ሥራ የማያንስ ምስል ያገኛል።

ስለ ብርሃን ልስላሴ

ከአቅጣጫው ቀጥሎ የሚመጣው የብርሃን ጥንካሬና ልስላሴ ነው። ጠንካራ ብርሃን ጠርዙ የተቈረጠ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ለስላሳ ብርሃን ግን ጥላው ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን የምንጩ ስፋት ነው። ከዕቃው አንጻር ሰፊ የሆነ ምንጭ፥ ለምሳሌ ደመና የሸፈነው ሰማይ ወይም ሰፊ መስኮት፥ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፤ ራቁት አምፑል ወይም ራቁት ፀሓይ ግን ጠንካራ ብርሃን ይሰጣል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፥ ቀትር ላይ ፀሓይዋ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያን ሰዓት ደጅ ላይ የተነሣ ሸቀጥ የላይኛው ፊቱ ነጥቶ፥ የታችኛው ጠቍሮ ይታያል። ስለዚህ ደጅ ላይ ለማንሣት የሚሻለው ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ያም ቢሆን በቀጥታ ፀሓይ ሳይሆን በግድግዳ ጥላ ሥር ማድረግ ይመረጣል። በክረምት ግን ደመናው ሰማዩን ሁሉ አንድ ሰፊ መብራት ስለሚያደርገው፥ ዝናቡ ጋብ ሲል ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል።

ፀሓይ በመስኮት በቀጥታ በሚገባበት ጊዜ በመስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ሻሽ ወይም ነጠላ መጋረድ ነው። ጨርቁ ነጭ መሆን አለበት፤ ባለ ቀለም መጋረጃ ቀለሙን በምግቡ ላይ ይረጨዋል። ከመስኮቱ ትይዩ በሆነው ጨለማ ጎን ደግሞ አንድ ነጭ ካርቶን ቢቆም ብርሃኑን መልሶ ወደ ጥላው ስለሚልከው ጥቁረቱ ይቀንሳል። ካርቶኑን በማቅረብና በማራቅ የጥላውን መጠን እንደ ፈለጉ መወሰን ይቻላል። በካርቶኑ ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት ከተለጠፈበት የበለጠ ብርሃን ይመልሳል፤ ነገር ግን ለቅባታማ ምግብ ጠንከር ስለሚል ተራው ነጭ ካርቶን ይሻላል።

በመብራት ለሚሠራም አንድ ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ከአምፑል የሚደርሰው ብርሃን፥ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። አምፑሉን ከ50 ሳንቲሜትር ወደ 1 ሜትር ያራቀ ሰው የብርሃኑን ሦስት አራተኛ አጥቷል ማለት ነው። መብራት የጨለመበት ሰው ሌላ አምፑል ከመግዛቱ በፊት ያለውን ቢያቀርብ ይበቃዋል።

ስለ ብርሃን መጠን፤ የሰሊጥና የተቈላ ቡና ነገር

የሰሊጥ ላኪ «ነጭ ሰሊጤ በፎቶግራፍ አመድ መሰለብኝ» ብሎ ሲያማርር፥ የቡና ቈዪ ደግሞ «ጥቁሩ ቡናዬ ደብዝዞ ግራጫ ሆነብኝ» ብሎ ያማርራል። የሁለቱም ችግር አንድ ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ነጭ ነገር ሞልቶበት ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩም አመድማ ይሆናል። ጥቁር ነገር ሲያይም ብርሃን አንሷል ብሎ ይጨምራል፤ ጥቁሩም ይገረጣል።

እንግዲህ ነጋዴው ከካሜራው ግምት ላይ በእጁ መጨመርና መቀነስ አለበት። በካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የብርሃን ማስተካከያ አለ፤ በአብዛኞቹ ስልኮችም ማያ ገጹን በጣት ነክቶ የሚታየውን የፀሓይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው። ለነጭ ሰሊጥ፥ ለነጭ ጤፍ፥ ለነጭ ቦሎቄ፥ ለዱቄትና ለወተት ከ+0.7 እስከ +1 ያህል መጨመር፤ ለተቈላ ቡና፥ ለጥቁር አዝሙድና ለኮረሪማ ከ-0.7 እስከ -1 ያህል መቀነስ ጥሩ መነሻ ነው። የሑመራ ሰሊጥ በገበያ የሚታወቀው በነጭነቱ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፥ ይህች ትንሽ ማስተካከያ የምታመጣውን ልዩነት ይረዳል። ሆኖም ነጩን እስኪያንጸባርቅ ድረስ ማብዛት አይገባም፤ ፍሬው ከፍሬ ሳይለይ አንድ ነጭ መደብ ከሆነ ገዥው ጥራቱን ሊፈርድ አይችልምና።

ስለ ምስል ጥርት ማለት

ብርሃኑ ተስተካክሎ ምስሉ ካልጠራ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ምስል የሚደበዝዝበት ምክንያት በብዛት ከአራቱ አንዱ ነው፤ የሌንስ ቈሻሻ፥ የእጅ መንቀጥቀጥ፥ የፎከስ መሳሳትና የፋይሉ መበላሸት።

የሌንስን ነገር ማስቀደም ያሻል። ዱቄት፥ በርበሬና ዘይት በሚነካ እጅ የተያዘ ስልክ ሌንሱ ቅባት ይይዛል። በቅባት በኩል የሚገባ ብርሃን ደግሞ ምስሉን ሁሉ ጭጋግ ያስመስለዋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መወልወል የማያስከፍል፥ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ይከፍታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይንሸራተታል። የቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚከተሉት ሕግ፥ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለውን ካሜራ በእጅ ይዞ ከሰከንድ 1/60ኛ በታች በሆነ ፍጥነት አለማንሣት ነበር። ለማይንቀሳቀስ ሸቀጥ ግን ከሁሉ የሚሻለው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። እርሱ ከሌለም ስልኩን በጆንያ ወይም በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፥ የ2 ሰከንድ ሰዓት ማንሻውን መጠቀም ይቻላል፤ በጣት ሲጫኑት የሚመጣው መንቀጥቀጥ ካሜራው ከማንሣቱ በፊት ይቆማልና። ካሜራው በዚህ አኳኋን ከቆመ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን የብርሃን ስሜት ከ100 እስከ 400 ባለው ዝቅተኛ ቍጥር ማድረግ ይቻላል፤ ቍጥሩ ሲበዛ ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፥ የሰሊጡም ፍሬ ከነጠብጣቡ አይለይም።

በዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ መስመራችን በሰከንድ 50 ዙር የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ብዙ የዱላ መብራቶችና ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፑሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይብለጨለጫሉ። ዐይን ባያየውም በምስሉ ላይ አግድም ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይወጣል። ይህ ሲያጋጥም የመዝጊያውን ፍጥነት ሰከንድ 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ ማድረግ ሰንበሩን ያጠፋዋል።

ሦስተኛው የፎከስ ነገር ነው። ካሜራ ወደ ዕቃ በቀረበ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት እየጠበበ ይሄዳል፤ በጣም ሲቀርብ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩን በምግቡ ላይ ከመድፋት ይልቅ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አንሥቶ፥ ትርፉን ቈርጦ መጣል ይሻላል። ቍጥር የሚለወጥበት ሌንስ ያለው ሰው ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ ቢያደርገው ለሸቀጥ ፎቶግራፍ በቂ ጥልቀት ያገኛል፤ ከኤፍ 16 በላይ ሲያጠብበው ግን ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ ስለሚበተን ምስሉ መልሶ መደብዘዝ ይጀምራል። ፎከሱ ማረፍ ያለበት ገዥው ሊያየው በሚፈልገው ነገር ላይ ነው፤ በተደረደረ ዕቃ ከፊት ባለው፥ በታሸገ ዕቃ በጽሑፉ ላይ ነው። በስልክ ከሆነ ያን ቦታ በጣት ነክቶ፥ በብዙ ስልኮችም ጥቂት ተጭኖ በመቈየት ፎከሱን መቈለፍ ይቻላል።

እህልና ጥሬ ቡና ሲነሣ በትሪ ላይ በስሱ አስጥቶ ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ፍሬዎቹ ሁሉ ከሌንሱ በእኩል ርቀት ላይ ስለሚሆኑ ከዳር እስከ ዳር ይጠራሉ። በማዕድ ላይ የቀረበ እንጀራም እንደዚሁ ከላይ ሲነሣ ያምራል። ሲኒ፥ ሳሕንና ድስት ግን በሰያፍ፥ 45 ዲግሪ ያህል ሆኖ፥ የተደራረበ ዳቦና ጠርሙስ ደግሞ በትይዩ ሲነሣ ቅርጹ በደንብ ይታያል።

አራተኛው የፋይሉ ነገር ነው። በማያ ገጹ ላይ በሁለት ጣት አስፍቶ ማቅረብ በብዙ ስልኮች ካሜራውን አያቀርበውም፤ ያለውን ምስል ቈርጦ ያሰፋዋል እንጂ። በእግር መቅረብ ይሻላል። እንዲሁም በቴሌግራም ፎቶግራፍ እንደ ተራ ምስል ሲላክ እየተጨመቀ ያንሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንደ ተነሣ ይደርሳል። ለኅትመት የሚሆን ምስል በእያንዳንዱ ኢንች 300 ፒክሰል ያስፈልገዋል። 4,000 በ3,000 ፒክሰል የሆነ ምስል በዚህ ልክ እስከ 34 በ25 ሳንቲሜትር ድረስ ሊታተም ይችላል። ያው ምስል ተጨምቆ 1,280 በ960 ከሆነ ግን ከ11 በ8 ሳንቲሜትር አያልፍም። ማተሚያ ቤቱ «ምስሉ ደብዝዟል» ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማተሚያው ሳይሆን የመላኪያው መንገድ ነው።

ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ምስልን ማጥራት እንደሚቻል የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ ጥቂቱን ይረዳል እንጂ የደበዘዘውን አያድንም። ከበዛም በየፍሬው ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ጠርዝ ስለሚያወጣ እህሉን የደረቀና የተሰባበረ ያስመስለዋል።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የቤቱን ሁሉ መልክ እንደ መስተዋት ይመልሳሉ። በእነዚህ ላይ መብራቱ ከጎን ሰፊ ሆኖ እንዲመጣ ማድረግ፥ አንጸባራቂው ነጥብ ከጽሑፉ ላይ እስኪወርድ ድረስም ዕቃውን ወይም መብራቱን ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። በጠርሙሱ በሁለት ጎን ጥቁር ካርቶን ቢቆም የጠርሙሱ ጠርዝ ተለይቶ ይወጣል። ካሜራው ከጽሑፉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የምርቱ ስም፥ ክብደቱና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በሚነበብ አኳኋን አንድ ተጨማሪ ፎቶግራፍ ቢኖር ገዥው የሚጠይቀውን አስቀድሞ መመለስ ነው።

የፍሬውን መጠን ለማሳየትም ከሸቀጡ አጠገብ ማስመሪያ ወይም የ1 ብር ሣንቲም ማስቀመጥ ይጠቅማል። ባቄላው ትልቅ ነው ብሎ ከመጻፍ ትልቅነቱን ማሳየት ይበልጣል።

ፎቶግራፍና እምነት

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ ሸቀጥን እንዳለ ለማሳየት እንጂ ከሆነው በላይ ለማስመሰል አይደለም። በዚህ ረገድ የሚጠቀስ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ የካምቤል ሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያ በተነሡ ሥዕሎች ላይ አትክልቱና ሥጋው ከሾርባው በላይ እንዲታይ በሳሕኑ ሥር የብርጭቆ ብይ ተደርጎ ስለ ነበር፥ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞት እ.ኤ.አ. በ1970 ድርጊቱ እንዲቆም የሚያዝ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። ብዩ ሾርባውን አልለወጠውም፤ የገዥውን ግምት ግን ለውጦታል። በእኛም አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ከሕጉም ይልቅ የሚያስፈራው የገበያው ፍርድ ነው። በፎቶግራፍ ነጥቶ የታየ ሰሊጥ ወደብ ደርሶ ጆንያው ሲፈታ ቢጫ ሆኖ ቢገኝ፥ ላኪው የሚያጣው የአንድ ጭነት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚልከው ፎቶግራፍ ሁሉ ይጠረጠራል። ስለዚህ ቀለሙን በኮምፒዩተር ማሳመር፥ የተመረጠውን እፍኝ አንሥቶ ጆንያውን ሁሉ ይመስላል ማለት፥ የአምናውን ምስል ለዘንድሮው መላክ ከነጋዴ የማይጠበቅ ነው። ፎቶግራፍ የናሙና መንገድ ጠራጊ ነው፤ የናሙና ምትክ ግን ሊሆን አይችልም። የሚነሣው እፍኝም ናሙናው ከወጣበት ከዚያው ጆንያ ቢሆን፥ ፎቶግራፉና ናሙናው በገዥው ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

በመጨረሻም ለየንግድ ቤቱ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመስኮት ወይም በበር አጠገብ አንዲት ማዕዘን ለዚህ ሥራ ተለይታ ትያዝ፤ በዚያም አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፥ ሁለት ነጭና አንድ ጥቁር ካርቶን፥ አንድ ስስ ነጭ ጨርቅ፥ አንድ ማስመሪያና አንድ ማቆሚያ ይኑር። ሸቀጥ ሁሉ በዚያው ቦታ፥ በተቻለም መጠን በዚያው ሰዓት ይነሣ። እንዲህ ሲደረግ የዛሬውን ጭነት ካለፈው ወር ጭነት ጋር በትክክል ማወዳደር ይቻላል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍም የጭነቱ ቍጥርና የተነሣበት ቀን ተጽፎበት በመዝገብ ይቀመጥ፤ ክርክር በሚነሣበት ጊዜ ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያስረዳ ሰነድ ይሆናልና። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ጥቅሙ ግን ዕቃው ገና ከመጋዘን ሳይንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ገዥው በሩቅ ሆኖ ያየውን አምኖ «ናሙና ላኩልኝ» ብሎ በሚጽፍበት ቀን።